«ላጤ ነኝ በይ» አሉኝ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዱን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ዛሬ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ።

የ33 ዓመት ሴት ነኝ። ሲቪል ኢንጂነር ነኝ። ከተመረቅኩ ጀምሮ ስምንት ዓመት ሳላቋርጥ ሠርቻለሁ። ባለቤቴ 38 ዓመቱ ነው፤ ሶማሌ ተራ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። እናቴም ከእኛው ጋር ናት።

የምሠራበት ሳይት ከቆመ ሰባት ወር ሆነው። ደመወዝ አንዳንዴ በሁለት፣ አንዳንዴ በሦስት ወር ነው የሚገባው። ካልጋሪ ያለች የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ በደወለች ቁጥር «አንቺ እኮ ባለሙያ ነሽ፣ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» ትለኛለች። እንቅልፍ አጣሁ። ማታ ሁሉም ሲተኛ ስልኬን ይዤ መታጠቢያ ቤት እገባና ስለ ካናዳ አነባለሁ።

ባለቤቴ አያውቅም። አንድ ጊዜ ቀለል አድርጌ ባነሳበት «በአርባ ዓመቴ ሄጄ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላነሳ ነው?» ብሎ ዘጋው። ደግሜ አላነሳሁም። ግን ሳልነግረው እቁብ ገባሁ። በሚቀጥለው ወር 200 ሺህ ብር ይደርሰኛል።

በቅርቡ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ ሄጄ ነበር። «180 ሺህ ብር ቅድሚያ ክፈዪ፣ ከካናዳ የቅጥር ደብዳቤ እናመጣልሻለን» አሉኝ። ባለትዳር መሆኔን ስነግራቸው ደግሞ «ፎርሙ ላይ ላጤ ነኝ በይ፤ ነጥብሽ ከፍ ይላል። ከገባሽ በኋላ ትወስጃቸዋለሽ» አሉኝ። ደነገጥኩ። ብዙ ሰው የሚያደርገው እንዲህ ነው ይላሉ። ዕድሜዬም እየሄደ ነው። ኮንዶሚኒየማችንን እንሽጠው ይሆን እያልኩም አስባለሁ። ከየት ልጀምር?

ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ልቤ የቀረው እዚያ መታጠቢያ ቤት ነው። ስምንት ዓመት አርማታ ሲሞላ ፀሐይ ላይ የዋልሽ ሰው፣ በገዛ ቤትሽ በር ዘግተሽ፣ የስልክሽን ብርሃን ቀንሰሽ ማንበብሽ አሳዘነኝ። መሄድ መፈለግሽ ጥፋት አይደለም። ሥራ የቆመበት ባለሙያ ሌላ በር ቢያንኳኳ ማንም ሊፈርድበት አይገባም።

አስቸኳዩን ላስቀድም። የእቁቡን ብር ለዚያ ቢሮ አትስጪ። «ላጤ ነኝ» የሚለውን ደግሞ በፍጹም እንዳትሞክሪው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። «ከገባሽ በኋላ ትወስጃቸዋለሽ» ያሉሽ ነገር የካናዳ ሕግ በሩን የዘጋበት ጉዳይ ነው። ስታመለክቺ ያላሳወቅሽውንና በጊዜው ያልተመረመረ ባል ወይም ልጅ፣ በኋላ በቤተሰብ ስፖንሰርነት ልውሰድ ብትዪ አይፈቀድልሽም። ልጅሽን ነው የምልሽ፤ የአራት ዓመቷን ልጅ። ውሸቱ ሲታወቅ ደግሞ ለአምስት ዓመት ማመልከት ይከለከላል። ቋሚ ነዋሪ ከሆንሽ በኋላ ቢደረስበት እንኳ ያገኘሽውን ሊነጥቅሽ ይችላል።

ካናዳ አመልካቾችን የምታወዳድረው ከ1,200 በሚሰላ ነጥብ ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ ለስንት ነጥብ እንደሆነ ታውቂያለሽ? አሰብኩልሽ። ዕድሜሽን፣ ዲግሪሽንና ጥሩ የእንግሊዝኛ ውጤት ይዘን፣ ባለቤትሽ አንዲት ነጥብ ባያመጣ እንኳ፣ በላጤና በባለትዳር መካከል ያለው ልዩነት 24 ነጥብ ነው። ለ24 ነጥብ ልጅሽን የምታጪበትን ወረቀት ልትፈርሚ ነበር።

የቅጥር ደብዳቤውም ቢሆን ጊዜው አልፎበታል። ከማርች 25፣ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቅጥር ደብዳቤ በዋናው የደረጃ ውድድር ላይ ነጥብ አያስገኝም። ነጥቡ የተነሳውም ደብዳቤው እንደ ዕቃ ይሸጥ ስለነበር ነው። በክፍያ ሊወክልሽ የሚችለው ደግሞ ፈቃድ ያለው የካናዳ የሕግ ባለሙያ፣ ወይም በካናዳ የኢሚግሬሽንና የዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገበ አማካሪ ነው። የተመዘገቡት ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው። ስሙንና የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቂ፣ ራስሽ ፈልጊ። ከሌለ፣ ሻዩን እንኳ ሳትጠጪ ውጪ። ማመልከቻውን በራስሽ መሙላት ትችያለሽ፤ ውድድሩ ውስጥ ስምሽን ለማስገባትም ክፍያ የለውም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልሂድ። ለእኔ የጉዳዩ ልብ እሱ ነው።

«መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላነሳ ነው?» ያለውን አንቺ እንደ እምቢታ ሰምተሽዋል። እኔ ሳነበው ፍርሃት ነው የታየኝ። ይህ ሰው ሶማሌ ተራ ሲገባ የሚያውቀው አለ። ዱቤ የሚሰጠው አለ። የጎደለ ዕቃ ሲኖር ከጎረቤት ሱቅ በቃሉ ብቻ አንስቶ የሚሸጥ ሰው ነው። አንቺ ዲግሪሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ እሱ ሱቁን ተሸክሞ አይሄድም። እዚያ ሲደርስ ማን እንደሚሆን ማንም አልነገረውም። አንቺም አልነገርሽውም፤ ምክንያቱም የምታነቢው ተደብቀሽ ነው።

ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣም አይደለም። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በመጋዘን፣ በጽዳት፣ በታክሲ አሳልፈዋል። አንቺም ብትሆኚ ጓደኛሽ ባለችበት አልበርታ ኢንጂነር ተብለሽ ለመፈረም የግዛቱ የመሐንዲሶች ማኅበር ፈቃድ ያስፈልግሻል። እስከዚያ ከሌላ መሐንዲስ ሥር መሥራት፣ ምናልባትም ከሙያሽ ዝቅ ባለ ቦታ መጀመር ሊኖር ይችላል። ይህን ለእሱ አትደብቂው። «እኔም ከታች ልጀምር እችላለሁ» ስትዪው፣ ብቻውን የሚዋረድ አለመሆኑን ይሰማል።

ደግሞም፣ ብትፈልጊም ያለ እሱ ልታደርጊው የማትችይው ነገር ነው። በዚህ በኩል ቁጥሩ ይናገራል። አንቺን የሚመለከተው ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው አሠራር ውስጥ ያለው የፌዴራል ባለሙያ ሠራተኞች ፕሮግራም ነው። መግቢያው ከ100 ነጥብ 67 ነው። አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በአራቱም ክፍል 6 ብታመጪ፣ 16 ነጥብ ለቋንቋ፣ 21 ለዲግሪሽ፣ 15 ለሥራ ልምድሽ፣ 12 ለዕድሜሽ ይሰጥሻል። ድምሩ 64። አልገባሽም። ባለቤትሽ አብሮሽ የሚሄድ ሆኖ መጠነኛ እንግሊዝኛ መቻሉን በፈተና ካሳየ ግን 5 ነጥብ ይጨመርልሻል፤ 69 ትሆኛለሽ። ያ ቢሮ ከወረቀቱ ላይ ሊፍቅልሽ የፈለገው ሰው በሩን ሊከፍትልሽ የሚችል ሰው ነው።

እንዴት ትነግሪው? ሱቅ ዘግቶ ደክሞ በመጣበት ማታ አይሁን። እሑድ ከሰዓት፣ ልጅቷ ስትተኛ፣ ቡናው ላይ ሊሆን ይችላል። በካናዳ አትጀምሪ፤ በእቁቡ ጀምሪ። «አንድ ነገር ደብቄህ ነበር፤ ከብዶኛል» በዪው። ሊቆጣ ይችላል። ይቆጣ፤ መብቱ ነው። አትከራከሪው። ሲበርድለት «ምን ቢሟላ ትሄዳለህ?» ብለሽ ጠይቂው። «እንሂድ ወይስ እንቅር?» ብትዪው መልሱ አይሆንም ነው። «ምን ቢሟላ?» ሲባል ግን ሰው ማሰብ ይጀምራል። ምናልባት ሱቁን ወንድሙ ይዞት እንዲቆይ ይፈልግ ይሆናል። ምናልባት የራሱን ሙያ ፈቃድ የሚያወጣበትን መንገድ ማወቅ ይፈልግ ይሆናል። ምናልባት ምንም ቢሟላ አይሄድም ይሆናል፤ ያንንም ብሩ ከመውጣቱ በፊት ብታውቂው ይሻልሻል።

ለአንቺም አንድ ጥያቄ አለኝ። ሳይቱ ነገ ሥራ ቢጀምር፣ ደመወዝሽም በወሩ መጨረሻ ሳይዛነፍ ቢገባ፣ አሁንም መሄድ ትፈልጊያለሽ? መልስሽ «ምናልባት አልፈልግም» ከሆነ፣ ካናዳን ሳትዘጊ እዚሁ ሌላ ቀጣሪ መፈለግም ይገባል። መልስሽ «አዎ፣ አሁንም» ከሆነ፣ እሱንም ለባለቤትሽ ንገሪው። ሰው ከችግር መሸሽንና የልጅነት ሕልምን ይለያል።

«እኔ ቀድሜ ልሂድ፣ እነሱ ይከተሉኝ» የሚል ሐሳብም ይመጣብሽ ይሆናል። ባልና ልጅን በግልጽ አስመዝግቦ፣ ሁለቱም የሕክምና ምርመራ አድርገው፣ «አሁን አብረውኝ አይሄዱም» ማለት ሕጋዊ ነው። እነዚያ 24 ነጥቦችም ያለ ውሸት የሚገኙት በዚህ መንገድ ነው። ለአንዳንድ ቤተሰብ ይሠራል። እኔን ብትጠይቂኝ ግን ለእናንተ አልወደውም። ስፖንሰር ሲጠበቅ ዓመትም ሊያልፍ ይችላል፤ የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ ከቪዲዮ ጥሪ ጋር ብቻ አድጋ እናቷን አትለምድም። ውሳኔው የሁለታችሁ ነው።

አንድ መራራ ነገርም ልንገርሽ። 67ቱን ማለፍ መጀመሪያው በር ነው። ከዚያ በኋላ ቀደም ብዬ በነገርኩሽ ከ1,200 በሚሰላው ነጥብ ከመላው ዓለም ካመለከተው ሰው ጋር ትወዳደሪያለሽ። በጥሩ እንግሊዝኛ የአንቺ ነጥብ 400 ገደማ ነው የሚሆነው። ካናዳ ነጥባቸው ከፍ ያለውን በየጊዜው በዙር እየጠራች እንዲያመለክቱ ትጋብዛለች። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን በሰፊው በተጠሩት ዙሮች መቁረጫው፣ ማለትም ለመጋበዝ የበቃው ዝቅተኛ ነጥብ፣ ብዙ ጊዜ ከ500 በላይ ነበር። ይህን ያ ቢሮ አልነገረሽም፤ እኔ ግን ልደብቅሽ አልችልም።

ታዲያ ተስፋ የለም ማለቴ አይደለም። ዕድሜሽ እየሄደ መሆኑ አስጨንቆሻል፤ አንድ ዓመት በጨመርሽ ቁጥር የሚቀንስብሽ ግን 5 ነጥብ ገደማ ነው። እንግሊዝኛሽን ተመልከቺ። በአይኤልትስ በአራቱም 6 ያመጣ ሰውና በማዳመጥ 8፣ በሌሎቹ 7 ያመጣ ሰው፣ በአንቺ ሁኔታ ልዩነታቸው 89 ነጥብ ነው። ስድስት ወር ጽሑፍ ተለማምዶ መግባት ከአንድ ዓመት ዕድሜ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ በጥድፊያ ተመዝግበሽ እንዳትፈተኚ። ጽሑፍ ብዙ ኢንጂነር የሚወድቅበት ክፍል ነው፤ በሥራችሁ ላይ ሪፖርት በአጭሩ መጻፍ ስለለመዳችሁ ነው መሰለኝ። ስትመዘገቢም «ጄኔራል ትሬኒንግ» የሚለውን ምረጪ፤ ለዩኒቨርሲቲ የሚሆነው «አካዳሚክ» ለዚህ አያገለግልም።

ሌላው በር ፈረንሳይኛ ነው። ካናዳ ፈረንሳይኛ ለሚችሉ ሰዎች ለብቻ ዙር ትጠራለች። በማርች 2025 እ.ኤ.አ. በተደረገ አንድ ዙር መቁረጫው 379 ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ያስተምራል። ከዜሮ ተነስቶ ለሚፈለገው ደረጃ መድረስ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚወስድ ከባድ ሥራ ነው። ግን ሳይትሽ ቆሟል፤ ጊዜ አለሽ። ባለቤትሽ አብሮሽ ቢማር ደግሞ ቤቱ ውስጥ የጋራ ነገር ይኖራችኋል።

ወረቀቶቹ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሲያመለክት አብሬው ነበርኩ። የአባታችን ስም በፓስፖርቱ ላይ በሁለት «ኤስ»፣ በዲግሪው ላይ በአንድ «ኤስ» ተጽፎ ተገኘ። ለአንዲት ፊደል ወራት ተመላለሰ። አንቺ ዛሬ ማታ ፓስፖርትሽን፣ ዲግሪሽን፣ ትራንስክሪፕትሽን፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀትሽን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪያቸው። የራስሽን፣ የአባትሽንና የአያትሽን ስም የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ፊደል በፊደል አስተያዪ። የትውልድ ቀንሽንም ተመልከቺ፤ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጆች አቆጣጠር ሆኖ ሲቀየር ቀን የሚሳሳትበት ብዙ ነው። የልጅሽንም እንዲሁ።

ቀጥሎ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። የእኛን አገር ደብዳቤ ታውቂዋለሽ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምራል፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ የሥራ መደብ አገልግለዋል ይላል፤ የሥራ ግብር መክፈላቸውን እናረጋግጣለን ብሎ በማኅተም ይዘጋል። ለካናዳ ይህ አይበቃም። በየቀኑ የምትሠሪው ሥራ በዝርዝር፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠሪ፣ ደመወዝሽ፣ የፈረመው ሰው ስምና አድራሻ ሊኖርበት ይገባል። ቀኖቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁኑ። በካናዳ የሙያ ዝርዝር የሲቪል ኢንጂነር ኮድ 21300 ነው። እዚያ የተዘረዘሩትን ተግባራት አንብቢና በእውነት የሠራሽውን በራስሽ ቃል አዘጋጅተሽ ለሰው ኃይል ክፍሉ ውሰጂላቸው። ይህን ደብዳቤ አሁኑኑ አውጪ። ደመወዝ መክፈል ያቃተው ድርጅት ቢዘጋ፣ ማን እንደሚፈርምልሽ አስቢው። «ለምን ፈለግሽው?» ካሉሽ «ለማስረጃዬ» ማለት ይበቃል። ሥራሽን ግን አትልቀቂ።

ዲግሪሽን የካናዳ መንግሥት የፈቀደለት ተቋም ገምግሞ ከካናዳ ዲግሪ ጋር እኩል ነው ማለት አለበት። ዌስ የሚባለው ድርጅት ከተፈቀደላቸው አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲላክ ይጠየቃል። የግምገማው ውጤት አምስት ዓመት ያገለግላል፤ የአይኤልትስ ውጤት ግን ሁለት ዓመት ብቻ። ስለዚህ ረጅም ዕድሜ ያለውን አስቀድሚ፦ መጀመሪያ ትራንስክሪፕት፣ ከዚያ ግምገማ፣ ፈተናው በደንብ ስትዘጋጂ። ከወንጀል ነፃ ማስረጃና የመሳሰለው በኋላ ይመጣል። ግብዣ ከደረሰሽ ማመልከቻውን አሟልተሽ የምታስገቢበት 60 ቀን ነው።

ኮንዶሚኒየሙን አትሽጪ። ግብዣ እንኳ ሳይመጣ ልጅሽንና እናትሽን ኪራይ ቤት ማስገባት ምን ያደርጋል? ለሦስት ሰው ቤተሰብ በ2025 እ.ኤ.አ. የተጠየቀው የመቋቋሚያ ገንዘብ 23,360 የካናዳ ዶላር ነው። በየዓመቱ ይሻሻላል። በብር ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነው። የቤት ዋጋ አይቆጠርም፣ የተበደርሽው ብርም አይቆጠርም፤ ባንክ ውስጥ ያለ የራሳችሁ ገንዘብ መሆን አለበት። ባንኩም የስድስት ወር አማካይ ሒሳብሽን በደብዳቤ ይገልጻል። አብሮሽ ከሄደ የባለቤትሽ ሒሳብም ሊቆጠር ይችላል። እንዲህ ያለውን ሒሳብ ደብቀሽ ብቻሽን አትወጪውም። ከእቁቡ ጥቂቱን ለፈተናና ለግምገማ አስቀምጪ፤ የቀረውን በምን እንደምታውሉት ሁለታችሁ ተነጋገሩበት።

ስለ እናትሽ በደብዳቤሽ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍሽው። ያልጻፍሽው የሚከብድሽ ስለሆነ ይመስለኛል። በዚህ ማመልከቻ ወላጅን ማካተት አይቻልም። ቋሚ ነዋሪ ከሆንሽ በኋላ፣ ገቢሽ ከበቃና የሕክምና መድን ከገዛሽላቸው፣ ሱፐር ቪዛ በሚባለው መጥተው በአንድ ጊዜ እስከ አምስት ዓመት አብረውሽ ሊቆዩ ይችላሉ። እስከዚያ ግን ማን አብሯቸው እንደሚሆን አሁን መነሳት ያለበት ጉዳይ ነው። እህት ወንድም ካለሽ ከባለቤትሽ ቀጥሎ የምትነግሪው ለእነሱ ነው። እናትሽም ይስሙ። እናቶች የምንደብቃቸውን ብዙ ጊዜ ቀድመው ያውቁታል። ማታ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ለምን እንደሚቆይ ምናልባት እሳቸው ሳይገባቸው አልቀረም።

ማመልከቻ መጀመር መሄድ አይደለም። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ «ይቅርብን» ማለት ትችላላችሁ። ለባለቤትሽም እንዲህ ብለሽ አቅርቢለት፦ «እስከ አይኤልትስ ውጤት ድረስ እንሞክር፤ ያኔ ነጥባችንን አይተን እንደገና እንነጋገር።» ለአንድ ሰው የማይቻለው ለዘለዓለም መወሰን ነው፤ ለስድስት ወር መሞከር ይቻላል።

ከተነጋገራችሁ በኋላ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ። ክፉም ቢሆን ጻፊልኝ። ሬጅስትራር ከመሄድሽ በፊት ደግሞ የኮስት ሼሪንግ ደረሰኞችሽን ፈልጊ፤ ከደመወዝሽ ሲቆረጥ የቆየ ከሆነም ተከፍሎ ማለቁን የሚገልጽ ማስረጃ ቀድመሽ አውጪ። ብዙ ሰው ሦስት አራት ቀን የሚመላለሰው በእሱ ነው።